ብረት የማይወደው መለኪያ

ኅዳር 17 ቀን 2007፣ ማንኩሳ

ለአንተ መናገርም ያሳፍረኛል፣ ማስታወሻዬ። ዛሬ ወ/ት ሰናይት ስሜን ሲጠይቁኝ ድምፄ ጠፋ። አባቴ ናቸው የመለሱልኝ።

ወ/ት ሰናይት ከባ/ዳር የመጡ ተመራማሪ ናቸው። መለኪያቸውን ከጓሯችን፣ ጤፉ ከታጨደበት ላይ ተከሉት። ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት አሉ። ሳተላይቶች ከላይ እየዞሩ ጉልበቷን ይለካሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ልኬቱን ሁሉ ሰብስቦ ማግኔቷን ይሥላል። ሥዕሉ ልክ መሆኑ እንዲታወቅ ከታችም መለካት አለበት። በሩቅ ሰሜን የኮምፓስ መርፌ ወደ መሬት ትደፋለች፤ እኛ አገር ግን ጋደም ብላ ትቀመጣለች። ይህን ወደድሁት።

ብረት በአጠገቡ እንዳያልፍ ተባለ። አባቴ ማረሻቸውን ጎረቤት አኖሩ። ቀበቷቸውንም ሲፈቱ ወ/ት ሰናይትን ያመጣው ሾፌር፣ “ጋሼ፣ ሱሪዎን በእጅዎ ይዘው ሊውሉ ነው?” አላቸው። ሳቄን በነጠላዬ ዋጥሁ።

ኅዳር 18፣ ከሰዓት

ወ/ት ሰ. መለኪያው የሚሥለውን መስመር በኮምፒውተር አሳዩኝ። ፀሐይ ስትበረታ በዝግታ ይወጣል፣ ስትበርድ በዝግታ ይወርዳል። እንደተኛ ሰው ትንፋሽ። ጎሕ ሲቀድ ግን አንዴ ዘሏል። ሾፌሩ ጅብ ነው አለ። “ጅብ ብረት ይታጠቃል?” ብለው ወ/ት ሰ. ሳቁበት።

ኅዳር 19፣ ማምሻ

ዛሬም ዘለለ። በዚያው ሰዓት። ወ/ት ሰ. አልሳቁም። ነገም ከዘለለ ቦታው አይታመንም፤ የማንኩሳው ልኬት ተጥሎ፣ መለኪያው ተነቅሎ ወደ ቡሬ ይሄዳል አሉ።

ምክንያቱን እኔ አውቃለሁ። ጠዋት እሳት ልጭር ስነሳ አየኋት። እኅቴ ይታይሽ አራስ ናት። ሰው ሳይነሳ ሜዳ የምትወጣው በጓሮው በኩል ነው። አራስ ደግሞ ጋኔን እንዳይለክፋት ያለ ብረት ደጅ አትወጣም፤ ከጋቢዋ ሥር ማጭድ ትይዛለች። ብረት አርቁ ሲባል ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ማንም አላሰባት። ይህ በወንድ ፊት እንዴት ይነገራል?

ማጭዱን ተይው አልኋት። ልጇን እቅፍ አደረገችው። “አንቺ ገና አልወለድሽም” አለችኝ። አልተጣላንም። ፍርሃቷ ገባኝ።

መለኪያው እንዲሄድ አልፈልግም። ነገ ቀድሜያት እነቃለሁ። በወንዙ በኩል እወስዳታለሁ፤ ማጭዱም ከእጇ አይወጣም። ስንመለስ ወ/ት ሰናይትን ለብቻቸው እጠራለሁ። አባቴን አልልክም። በራሴ ድምፅ እነግራቸዋለሁ።