ከአያሌው ፊት መቆም

ኅዳር ፲፪፣ ሰኞ። ሚካኤል።

ዛሬም ጆንያ። በዓል ነው ብንል የሚሰማን የለም። የሞተር ጀልባዋ ጎህ ሲቀድ ከጎርጎራ ገባች፣ ዱቄትና ሲሚንቶ ጭና። ከወደቡ እስከ መጋዘኑ ያለችው ዳገት ትንሽ ናት፤ ለእኔ ጕልበት ግን በዝታለች። ግራው አብጧል። ቀኙ ገና አላበጠም፣ ይንቋቋል። ጣሊያኑ አለቃችን ያፏጫል፣ እኛ እንሸከማለን። ደብተሬ፣ አንተንም ያገኘሁህ ከዚያው መጋዘን፣ ከተሰበረ ሣጥን ሥር ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ማታ ሚስቴ ወርቄ ጕልበቴን በሞቀ የጨው ውሃ አሸችልኝ። ዓይኗ ግን ፊቴ ላይ ነው።

ኅዳር ፲፬፣ ረቡዕ።

ራሴን ያመኛል። ከጆሮዬ ጀርባ ይነሣና ዓይኔ ላይ ያርፋል። ወጌሻው ዳሰሰኝ። ከግንባሬ በላይ ያለውን የድሮ ስብራት ጣቱ አገኘው፣ እዚያው ቆየ። ሌላ ዱላ እዚህ ላይ ካረፈ እኔን አትጥሩኝ፣ ቄስ ጥሩ አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ደብተሬ፣ አንተ አታውቀኝም፣ ልንገርህ። የጌታችን የደጃዝማች ቤት የገና ተጫዋች ነበርሁ። ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላይ ሳለሁ ቁመቴንና ደረቴን አይተው ወሰዱኝ። ዳዊቱ በዚያው ቀረ። መሬት አላረስሁ፣ ጠመንጃ አልተሸከምሁ። ጾም ካልሆነ ሥጋ፣ ጠላው እስኪበቃኝ፣ በገና ዕለት ደግሞ ዱላ። የቤቱ ዋና ተጫዋች አያሌው ሩሯን ይመታል። ከእንጨት የተጠረበች ኳስ ናት፤ እሱ ሲመታት ታፏጫለች። የእኔ ሥራ ከፊቱ መቆም ነው፣ ሰው እንዳይደርስበት። የመጣ ዱላ ሁሉ እኔ ላይ ያልቃል። ሕዝቡ እሱን በስሙ እየጠራ ይዘፍንለታል፤ እኔን «ቅጥሩ» ይለኛል። ቅጥር ሆኜ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖርሁ። ደስም ይለኝ ነበር።

ከዚያ ደጃ. ወደ ሰሜን ዘመቱ፣ አልተመለሱም። ቤቱ ተበተነ።

ኅዳር ፳፩፣ ረቡዕ። ጽዮን።

አፈርሁ። ከወደብ ስመለስ መንገዱ ጠፋኝ። ባሕር ዳር ሰው የሚጠፋባት አገር አይደለችም፤ ሐይቁን በአንድ ጎን ይዞ መሄድ ነው። ሐይቁ አለ። ጊዮርጊስ አለ። ቤቴ ግን ወዴት ነው? ደንገሉ ውስጥ እንደ ቆምሁ ታንኳ ሠሪው እንድሪስ አገኘኝ። ምን ትሠራለህ አለኝ። ንፋስ እየተቀበልሁ ነው አልሁት። አላመነኝም፣ አልተከራከረኝምም። የጀመረውን ታንኳ ጥሎ እስከ ደጄ ሸኘኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ዓሣ ሲያወራ። ደግ ሰው ነው።

ለወርቄ አልነገርሁም።

ኅዳር ፴፣ ዓርብ።

አያሌው መጣ። ቀኛዝማች አያሌው ልበል፣ ጣሊያኖች ሹመውታል። በበቅሎ፣ ከኋላው ሁለት ባለ ጠመንጃ። ወርቄ ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ውሃ እንኳ አላቀረበችለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣሊያን ጦር ካፒቴን ስለ ገና ጨዋታ ሰምቷል። በበዓሉ ዕለት ከሰፈራቸው ጎን ባለው ሜዳ ላይ እንዲደረግ አዝዟል፤ እንግዶች ይመጡበታል፣ አገሩ ሰላም ነው ሊላቸው። የከተማው ወገን መሪ አያሌው፤ ተጋጣሚው ከሐይቁ ማዶ የዘጌ ወገን። እና እኔ እንደ ድሮው ከፊቱ እንድቆምለት ይፈልጋል። ከቆምሁለት የመጋዘኑን ጥበቃ ይሰጠኛል። ጆንያ መሸከም ይቀራል። ወንበር አለው አለኝ፣ ጥላም አለው።

ወንበር! ሳቄ መጣ። ግን አንተን አልዋሽህም፣ ልቤ ዘለለ።

ጆሮውን ሲጎትት አየሁት። ሲፈራ እንዲህ ያደርጋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ምን ያስፈራዋል?

ታኅሣሥ ፫፣ ሰኞ። በአታ።

ምን እንደሚያስፈራው ዛሬ አወቅሁ።

የወርቄ ወንድም ታከለ ከዘጌ በታንኳ መጣ። ሽሮ በላን። ወርቄ ማዕዱን እስክታነሣ ጠበቀና ተናገረ። ክረምት ላይ ገበያ መካከል የተሰቀለው ልጅ የነሱ የአጎት ልጅ ነው። ጫካ ላሉት አርበኞች እህል ያመላልስ ነበር። ለጣሊያን የጠቆመው አያሌው ነው፤ ዘጌ ሁሉ ያውቃል። በሌላ ቀን አያሌውን ሰው የነካው እንደሆነ መንደር ይቃጠላል። በገና ቀን ግን ሜዳ ላይ ለወረደ ዱላ ካሳ አይጠየቅም፣ ደም አይመለስም፣ ቂም አይያዝም። ባላገር ጌታውን ቢፈነክት እንኳ ያው ነው። ጨዋታውን ያዘዘው ደግሞ ካፒቴኑ ራሱ። ጨዋታ ሲጫወቱ ሞተ ይባላል፣ ያበቃል።

«ጋሸ፣ እርስዎን የሚነካ የለም። ብቻ ከፊቱ አይቁሙ» አለኝ።

ወደ ሐይቁ ሸኘሁት። ታንኳው ላይ ሲወጣ እጄን ሳመኝ።

ታኅሣሥ ፲፣ ሰኞ።

ከወርቄ ጋር ተጣላን። እሷ ናት የጀመረችው፣ ወይም እኔ። መንገድ እንደ ጠፋኝ ታውቃለች። ማንም አልነገራትም፤ ከዚያ በፊትም መርሳቴን ታውቅ ኖሯል። በእናቴ ስም እየጠራኋት ነው አለች። መቼ? አላስታውስም። በዚህ ራስህ ዱላ ፊት ልትቆም ነው? ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ የት እንደ ተቀመጥህ ካላወቅህ ምን ያደርግልሃል? ስሜን የሚያውቅ ባል ነው የምፈልገው አለች። አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፣ በጓሮ በኩል።

ፈርቻለሁ። ሞቱን አይደለም። በቁሜ መጥፋቱን ነው የምፈራው።

ታኅሣሥ ፲፩፣ ማክሰኞ።

ጆንያ። ራስ ምታት። ሌላ ምንም።

ታኅሣሥ ፲፱፣ ረቡዕ። ገብርኤል።

አያሌውን ቤተ ክርስቲያን አገኘሁት። ዙሪያው ባዶ ነው፣ ሰው አጠገቡ አይቆምም። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ዋርካው ሥር ወሰድሁትና ቅር፣ ሊገድሉህ ነው አልሁት። ያውቃል። ግን እንዴት ይቀራል? ጤነኛ ሆኖ ከቀረ ካፒቴኑ ከጫካዎቹ ጋር ነህ ይለዋል፤ ገመዱ ያው ገመድ ነው።

ስለ ልጁ ጠየቅሁት። ይገርፉታል እንጂ ይሰቅሉታል አላልሁም አለኝ። አመንሁት፤ ማመኔ አናደደኝ። እሱ ባይጠቁም ኖሮ ልጁ ዛሬ በሕይወት ነበር።

ከዚያ እጄን ያዘኝ። «አንተ ካለህ አይደርሱብኝም» አለ። የድሮው ሰው እመስለዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ራስህ እንዴት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬም አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ ፳፬፣ ሰኞ።

እንቅልፍ የለም፣ ሥራም እየሄድሁ አይደለም፤ ጕልበቴን ብዬ ቀረሁ።

ይገባዋል እላለሁ። ለታከለ እፈርድለታለሁ። ከዚያ ደግሞ ሜዳው ይታየኛል። ያ ሕግ የተሠራው ሰው በጨዋታ እንዳይገዳደል ነው። ዱላ ስትቀበል ትውላለህ፣ ማታ ከመታህ ሰው ጋር ጠላ ትጠጣለህ፣ ያልቃል። አሁን መግደያ ሊያደርጉት ነው። እርሻ የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ያለኝ ያ ጨዋታ ነው።

ብቆም እኔ እሞታለሁ፣ ወይም ከሞተ የማይሻል ሰው ሆኜ ለወርቄ እተርፋለሁ። ባልቆም አያሌው ይሞታል። እሱን ለማትረፍ ወርቄን አልሰጥም። ይህ ቁርጥ ነው። ሜዳው መግደያ እንዳይሆን ምን ላድርግ? እሱ ነው የቸገረኝ።

ታኅሣሥ ፳፯፣ ሐሙስ። ጠዋት።

አገኘሁት። ውሃ ልቀዳ ወርጄ ሳለሁ ዘዴው መጣልኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልምምድ አለ፣ የከተማው ወገን ብቻ። ካፒቴኑ ሊያይ ይመጣል። የሜዳው ሕግ ለልምምድም ያው ነው፣ የተመታ አይከስም።

ጤነኛ ሰው መቅረት አይችልም። ቅልጥሙ የተሰበረ ሰው ግን በቃሬዛ ነው የሚሄደው፤ ካፒቴኑም በዓይኑ ያየዋል። ማንም አልከዳም፣ ጨዋታ ነው ይባላል።

ለወጌሻው ነገርሁት። ቀርከሃውንና ጨርቁን ይዞ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል። ከጕልበት በታች እንጂ ጕልበቱን አትንካ አለኝ፤ መገጣጠሚያው ከደቀቀ አይድንም፣ አጥንት ግን ይገጥማል። ለእኔ ይነግረኛል!

ለተሰቀለው ልጅ ይህ ካሳ አይሆንም። አውቃለሁ። ታከለ ይናደድብኛል፣ ምናልባት ዳግመኛ እጄን አይስመኝም። ከፋሲካ በኋላ ሌላ መንገድ ከፈለገለት የእሱ ነገር ነው፤ በገና ሜዳ ግን አይሆንም። ወንበሩም ቀረ።

ለወርቄ ሁሉንም ነገርኋት። ከዚያ የገና ዱላዬን ከጣራው ሥር አወረደችና በኑግ ዘይት ወለወለችው። ራስህን እንዳያገኙህ አለችኝ።

እንደ ድሮው ከፊቱ እቆማለሁ። ጀርባዬን አምኖ ወደ እኔ ይጠጋል፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ያን ጊዜ እዞራለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቅልጥሙን። ይጮሃል። በሰው ሁሉ ፊት ይረግመኛል፣ ዕድሜ ልኩን ይረግመኛል። ለምን እንደ መታሁት አልነግረውም፤ ከነገርሁት ለካፒቴኑ ያወጣዋል፣ አፉን አላምነውም። ይርገመኝ። ብቻ ይኑር።