ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሳር

ውድ ሜሮን፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰነበትሽ» ይባላል። ካረፈ ሦስት ዓመት ያለፈውን ሰው ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም። ሰላምታውን ልዝለለውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። መቼም ዙሪያውን ስዞር እውላለሁ እንጂ ቀጥ ብዬ መግባት እንደማልችልበት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤቱ አለቀ። ያ ሁለታችን የሳልነው ቤት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ አባትሽ ግቢ ውስጥ ቆሟል። የሠራሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ከባሕር ዳር ተመልሼ በጋሳይ መንገድ ዳር ድንጋይ እጠርባለሁ። አንድ ቀን አባትሽ የተጠቀለለ ወረቀት በብብታቸው ይዘው መጡና አናቴ ላይ ቆሙ። እኔ አወቅኋቸው፤ እሳቸው አላወቁኝም። ከየት አይተውኝ ያውቁኛል?

«ግንበኛው ብርሃኑ አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ድንጋይ ታውቃለህ አሉኝ። ይህን ማንበብ ትችላለህ?» ብለው ወረቀቱን ዘረጉት።

ሳየው መዶሻዬን የት እንዳስቀመጥሁት ጠፋኝ። ቴክኒክ ኮሌጁ ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ የሳልናት የብሎኬት ቤታችሁ አዲስ መልክ ናት። ካሬ ካሬ ያለው ወረቀት፣ ጥጉ ላይ ያፈሰስሁት የሻይ ምልክት እንኳ አለ። አንቺ የድራፍቲንግ፣ የሕንፃ ንድፍ፣ ተማሪ፣ እኔ የግንባታ። ጣሪያውን አንቺ ሳልሽ፣ ከመስኮት በታች ያለውን ድንጋይ እኔ። መሥመር በመጣን ቁጥር እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ እንደ ባሕር ዳር ሕንፃዎች ፊቱ ሁሉ ሴራሚክ ይሁን ስል፣ አንቺ «ሴራሚክማ ለመታጠቢያ ቤት ነው፤ ሰው ቤቴን አይቶ ፎጣ እንዲጠይቀኝ ነው?» አልሽ። ከታች ጥቁር ጥርብ ድንጋይ፣ ከመስኮት በላይ የገለባ ቀለም ያለው ልስን፣ ጣሪያው ሥር ያለው ሦስት ማዕዘን የጽድ ጣውላ፣ ላዩ ጥቁር ቀይ ቆርቆሮ ተባለ። እስከዚህ ተስማማን። ከዚያ ከፊት በረንዳ ጨመርሽና የበረንዳው ክዳን ሳር ይሁን አልሽ።

«አብደሻል እንዴ? ቆርቆሮና ሳር በአንድ ቤት?» አልሁሽ።

«ክረምት ሲገባ እኔና አባባ በምልክት ነው የምናወራው። እሱ እራት በላሽ ወይ ይለኛል፤ እኔ በሩን ዘግቻለሁ እለዋለሁ። ቆርቆሮው አያነጋግርማ። አንድ ቦታ እንኳ ሰው ሲናገር የሚሰማበት ይኑር» አልሽኝ።

እኔም አዋቂ ነኝ ብዬ ተነሣሁ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ሳሩ ላይ ስለሚያርፍ በሁለት ክረምት ያበሰብሰዋል አልሁሽ። እርሳስሽን ነክሰሽ ወረቀቱን ማየት ያዝሽ። እኔም አሸነፍሁ ብዬ ሻይ ጋበዝሁሽ።

እና ያን የኅዳር ቀን አባትሽ መንገድ ዳር ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ የሳለችው ነው። አርፋለች። ብሎኬቱ እንዲሁ እንዳገጠጠ ሰባት ዓመት ኖርንበት። አባባ ቤቱን እናልብሰው ስትለኝ፣ ቤቱን አልበረደውም እላት ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ስለነበርሁ መልስ የማጣ አይመስለኝም ነበር። አሁን እንዳለ ሥራልኝ። አንድ መሥመር እንዳትለውጥ።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ» ማለት ምን ያቅታል? «እሺ» ብቻ አልሁ።

ለምን እንዳልተናገርሁ አንቺ ታውቂያለሽ። ቢሆንም አንድ ጊዜ በራሴ ቃል ልናዘዝልሽ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ የዳግም ትንሣኤ እሁድ። «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት አባባ ፊትህን ይየው» ብለሽ ቀን ቆርጠሽ ሰጠሽኝ። መጣሁ እኮ፣ ሜሮን። ይህንን አታውቂም። ጫማዬን አስጠርጌ፣ የወንድሜን ሸሚዝ ለብሼ እበራችሁ ድረስ መጣሁ። ከውስጥ የአባትሽ ድምፅ «ሰዓቱን እስኪ እንደገና እዪልኝ» ሲል ሰማሁ። ላንኳኳ እጄን አነሣሁና እጄን አየሁት። ሲሚንቶ የበላው፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ የጠቆረ። እኒህ ሰው ይህን እጅ ጨብጠው ልጃቸውን ይሰጡኛል? አልሁ። ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ለራሴ ራሴ መልሼ ተመለስሁ። በማግስቱ ባሕር ዳር ገባሁ። ስትደውዪ አላነሣሁም። አንድ ጊዜ ብቻ «ምንም አይደለም» የሚል መልእክት ላክሽልኝ። እሱንም አልመለስሁ።

አባትሽ ከልክለውን ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የማማርረው ሰው አገኝ ነበር። ግን ማንም አልከለከለንም። እኔ ነኝ የቀረሁት። መታመምሽን አልሰማሁም፤ ማረፍሽን ነው የሰማሁት። ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ሲጭን ሲያራግፍ ቆይቶ፣ ስደርስ አፈር እየለበስሽ ነበር። ከሰው ኋላ ቆሜ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ባሕር ዳር ያስጠላኝ።

እና ሥራውን ጀመርሁ። አባትሽ ጧት ጧት ዱካቸውን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ ይዘው ይወጡና ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም። ቀይ እስክሪብቷቸው ዛሬም ደረት ኪሳቸው ውስጥ ናት። እኔም ምን ያርሙብኝ ይሆን እያልሁ ድንጋይ እደረድራለሁ። ከታችኛው ጀምሬ እስከ መስኮቱ ስደርስ ጥር አልቆ የካቲት ገባ።

አንድ ጧት ተነሡና ወረቀቱን ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ያዙት። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ድንጋዩን ያያሉ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ደብተር አርሜአለሁ» አሉ። «አንዱ ልጅ የሌላውን ሲሠራለት በመልሱ አይደለም የማውቀው፤ በእጁ ነው። ይህ ጣሪያ የልጄ እጅ ነው። ይህ ድንጋይ ግን የእሷ አይደለም። ትልቅ ድንጋይ፣ በስተግራው ትንሽ ማሟያ። እዚህም እንዲሁ። እዚህም።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ገነባሁት ግድግዳ ወሰዱት። «ያንተም ትልቅ ድንጋይ፣ በስተግራው ትንሽ ማሟያ። ግራኝ ነህ አይደል?»

«ነኝ ጋሼ።»

ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። እኔስ ምን አልሁ መሰለሽ? «ሲሚንቶው ሳይደርቅብኝ ልጨርሰው» አልሁ። አባትሽ ወረቀቱን አጥፈው ገቡ። ሁለተኛ ጊዜ ከበር ተመለስሁ ማለት ነው። ያውም ተከፍቶልኝ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም። ዱካው ግን መምጣቱን አልተወም።

ቆርቆሮውን የምንቀይርበት ሳምንት ደረሰና ልኬቱን ላወጣ ወረቀቱን ተቀብዬ በደንብ አየሁት። ቆርቆሮው አልቆ ሳሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ እኔ የማላውቀው መሥመር አለ። ቀጭን፣ በሌላ እርሳስ የተሣለ። አሽንዳ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ሳሩ ጋ ሳይደርስ ተቀብሎ በሁለቱ ማዕዘን የሚያወርድ አሽንዳ። ከጎኑ በዚያች ደቃቃ ጽሑፍሽ፣ ደግነቱ፣ ልኩን ብቻ ነው የጻፍሽበት፤ ስሜን ብትጽፊ ኖሮ አባትሽ ከስንት ዘመን በፊት ባገኙኝ ነበር። ያኔ ስንጨቃጨቅ ይህ መሥመር አልነበረም። እኔ ከሄድሁ በኋላ ቁጭ ብለሽ የሳልሽው ነው። እኔ የቀረሁበትን ቤት አንቺ እንዳይበሰብስ እያሰብሽለት ነበር። ከመሰላሉ ወርጄ ከቤቱ ጀርባ ሄድሁ፤ እስኪወጣልኝ አልቅሼ ተመለስሁ። አባትሽ ዓይኔን አይተው «አቧራ ነው?» አሉኝ። «አቧራ ነው» አልሁ።

ሳር የሚከድን ሰው ከተማ ውስጥ ጠፋ። በመጨረሻ አያ ሙላቴ የሚባሉ ሽማግሌ ከእብናት መጡልን፤ ሰንበሌጡንም ይዘው። ቤቱን ከላይ እስከ ታች አይተው «ይህን የመሰለ ቆርቆሮ እያላችሁ ሳር ያማራችሁ ምን ነክቷችሁ ነው?» አሉ። ጎረቤት ፈንታነሽም በአጥር ብቅ ብላ «ጋሽ ዘውገ፣ ቤቱን ግማሹን ገጠር መለሱት?» ብላ አሾፈች። አባትሽ «ልጄ ናት የመለሰችው» ብለው መለሱላት። ሳሩ ሲከደን ሦስት ቀን ፈጀ። ጫፉ በማጭድ ተስተካክሎ ሲያልቅ አያ ሙላቴ ራቅ ብለው ቆሙና «እንዴ፣ ያምራል እኮ!» አሉ፤ ራሳቸው እንዳልሠሩት ሁሉ።

እውነታቸውን ነው። ከታች ድንጋዩ ጥቁር ነው፤ ከላይ ልስኑ የታጨደ ማሳ ይመስላል። ጽዱ ገና ይሸታል። ጥቁር ቀዩ ቆርቆሮ ከበላዩ፣ ሳሩ ደግሞ ከፊቱ ዝቅ ብሎ እንደ ባርኔጣ ከንበል ብሏል። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያየዋል። ፎጣ የጠየቀ ግን እስካሁን የለም።

የመጨረሻው ቀን መሣሪያዬን ስሰበስብ አባትሽ «እሁድ ለምርቃቱ ና» አሉኝ። «ማን ማን ይመጣል?» አልኋቸው። «ሌላ ሰው አልጠራሁም» አሉ።

የሰኔ ሁለተኛው እሁድ ነበር። ጫማዬን አስጠረግሁ። ሸሚዙ አሁን የራሴ ነው። በሩ ግን ያው የድሮው የግቢ በር ነው፤ ሥዕሉ ላይ ስላልነበረ አልነካነውም። ደመናው ከጉና በኩል እየወረደ ነበር። እጄን አነሣሁ፤ አየሁት። ያው እጅ ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አሽንዳዋ ትዝ አለችኝ። አንኳኳሁ።

«ግባ፤ ክፍት ነው» አሉ።

አባትሽ በረንዳው ላይ፣ ሳሩ ሥር ተቀምጠዋል። ቡናማ ኮት ለብሰዋል፤ እስከ ላይ ተቆልፏል። ከጎናቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ። ተቀመጥሁ።

«ይህን ኮት ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም ጋሼ።»

«ልክ ነህ፣ አታውቀውም። የዛሬ አምስት ዓመት በዳግም ትንሣኤ ሜሮን ናት ያለበሰችኝ። እንግዳ አለብህ አለችኝ። ማን ነው ብላት ሲመጣ ታየዋለህ አለች። ተቀምጬ ጠበቅሁ። እስኪመሽ አላወለቅሁትም፤ ባወልቀው ቅር ይላታል ብዬ።»

መሬቱን ከማየት በቀር የማደርገው ጠፋኝ። እኔ ለካ አንቺን ብቻ አልነበረም ያስጠበቅሁት። ዝናቡም ያን ጊዜ ደረሰ። የሰኔ ዝናብ ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ማስጠንቀቂያ የለውም። ቤቱ ላይ ቆርቆሮው አጓራ። በተከፈተው በር ከሳሎን የሚወጣው ጩኸት ብቻውን ያደነቁራል። እኛ ጋ ግን፣ ሜሮን፣ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከአሽንዳው በሁለቱ ማዕዘን ውሃው ኩልል ብሎ ይወርዳል። አባትሽ ቀና ብለው ሳሩን አዩና ቆዩ።

«ትሰማኛለህ?» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

«እሰማዎታለሁ።»

«እኔም እሰማሃለሁ። እንግዲህ የመጣህበትን ተናገር።»

ብድግ አልሁ። ተቀምጦ የሚባል አይደለም።

«ብርሃኑ እባላለሁ፤ ግንበኛ ነኝ። ልጅዎን ሜሮንን ወድጃት ነው የመጣሁት። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ፊቴን ይዩት ብላኝ ነው።»

አባትሽ ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። ፊቴን እንዳላዞር ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ። ዓይናቸው እየሞላ ነበር፤ የእኔም።

«አየሁት» አሉ።

ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ኮታቸውን አወለቁ። አጥፈው ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖሩትና «በል ተነሥ፣ ምሳ እንብላ» አሉኝ፤ ቆሜ ሳለሁ።

ሜሮን፣ «ምንም አይደለም» ላልሽኝ መልእክት መልሱ ይህ ደብዳቤ ነው። «ምንም አይደለም» የሚባል አልነበረም። ወድጄሽ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ ደጃችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ይህን ሁሉ በሕይወት ሳለሽ ብነግርሽ ምን ነበረበት? ከእንግዲህ አሽንዳውን በየዓመቱ ከግንቦት መጨረሻ ሳላሳልፍ እጠርገዋለሁ፤ ቅጠል እንዳይዘጋው። እስካሁን ከቆርቆሮው አንዲት ጠብታ ሳሩ ላይ አልወረደችም። ያን ቀን የተከራከርነውን አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው። ያን ሻይ ለካ ተሸንፌ ነው የጋበዝሁሽ።

በበሩ የገባው፣
ብርሃኑ