ዶርቃ ቆዳ የተወች ጊዜ

ማክሰኞ፣ ማርች 3፣ 2015

ሁለት የጫማ ታኮ፣ አንድ ዚፕ፣ የአንድ ሽማግሌ ቀበቶ ጠገንኩ። ሱቄ ያለበት ፌርፋክስ ጎዳና ዛሬ ጭር ብሏል። ከሰዓት ልጄ ዶርቃ ከሎንግ ቢች መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ። የማላውቀው ጥቁር ጃኬት ለብሳለች። ዳሰስኩት። ቆዳ አይደለም።

«ቪጋን ሌዘር ነው አባዬ፤ ከእንስሳ ያልተሠራ። ቆዳ መልበስም መያዝም ትቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገና ወዲህ። ልነግርህ ፈርቼ ነው።»

ለምረቃዋ የምሠራላት ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መያዣው ብቻ ነው የቀረው። ጋዜጣ ጣል አደረግኩበት። አይታው ይሆን?

ሐሙስ፣ ማርች 5

እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ይሄ ሱቅ እኮ ቆዳ ነው። ልጅቷ ያደገችው በዚህ ሽታ ነው። ሕፃን ሆና ከቁርጥራጩ ጋር ስትጫወት እዚያው እንቅልፍ ይወስዳት ነበር… አሁን የተወችው ቆዳውን ነው ወይስ እኔን?

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሥርጉት ማባበል አታውቅም። «ልጅህ ጃኬት ለወጠች እንጂ አባት አልለወጠችም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ግን ያው…

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ዶርቃ ስልኳን ደቅና ተቀመጠች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ቆዳና ስለ ቪጋን ሌዘር ነው፤ ምድርን ያነሰ የሚጎዳው የቱ ነው የሚል። «ሶ፣ አንተን ኢንተርቪው ላድርግህ። የሥራው ሰው ነህ።»

ደስ አለኝ። አፌ ተፈታ። ጥሩ ቆዳ ሠላሳ ዓመት ይኖራል፤ ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ቅባት ይጠጣል፣ አልኳት። ደንበኛዬ እትዬ እታለም ለጥገና የተዉትንም ቦርሳ አወጣሁላት። ቪጋን ሌዘር ነው፤ ገና በሁለት ዓመቱ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። «ይሄን በምን ልጠግነው? ማስቲሽም አይዘው!» ፎቶ አነሳችው። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

«ከብቱ የሚበላውስ አባዬ? የሚጠጣው ውሃ? የሚያወጣው ጋዝ?»

«ከብቱ የሚታረደው ለሥጋው ነው። ቆዳው ትርፍ ነው።»

«ኦኬ። ቆዳው ሲለፋስ? አዲስ አበባ የሠራህበት የቆዳ ፋብሪካ ውሃውን የት ነበር የሚደፋው?»

«አላስታውስም።»

ዋሸኋት። ስልኩ እየቀዳ።

ሰኞ፣ ማርች 16

አስታውሳለሁ እንጂ። ፋብሪካው ወንዝ ዳር ነበር። ቆዳው የለፋበት ውሃ፣ ክሮም የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበት፣ ሰማያዊው፣ በቦይ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ቧንቧውን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። አራት ዓመት። ከታች አንዲት ሴትዮ በዚያ ወንዝ ጎመን ታጠጣለች። አንድ ቀን በጣሳ ቀድታ ይዛው መጣች።

«ልጄ፣ ውሃው ዛሬ ምን ሆኖ ነው? እጄን አቃጠለኝ።»

«ምንም አልሆነም እትዬ።»

አለቃዬ እንዲህ በል ያለኝን ነው ያልኩት። አመነችኝ። ተመልሳ ጎመኗን አጠጣች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

ለሥርጉትም ነግሬያት አላውቅም። ስጸልይ እንኳ ዘልዬው ነው የማልፈው። ሃያ ስምንት ዓመት…

እሑድ፣ ማርች 22

ከቸርች ስንወጣ ዶርቃን «ዛሬ እኔ ላድርስሽ» አልኳት። ሎንግ ቢች ድረስ ስለ መዘምራኑ ስታወራ እኔ እህ እላለሁ። ማደሪያዋ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ስልክሽን አውጪና ቅጂ።»

ነገርኳት። ቧንቧውን፣ ጣሳውን፣ ያልኩትን ሁሉ። በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሃያ ሦስት።»

«ያኔ ከአሁኗ እኔ በአንድ ዓመት ብቻ ትበልጥ ነበር ማለት ነው።»

ስልኩን አጠፋችው። «ይሄን አልጽፈውም አባዬ።»

«ጻፊው። እኔ ዝም ያልኩት ይበቃል።»

እጄን ያዘች። ይሄን ስንጥቅጥቅ ያለውን። ትንሽ ቆይታ ጃኬቷን አወለቀችና ክርኑን አሳየችኝ። መላጥ ጀምሯል።

«ገና ሦስት ወሩ ነው» አለች። «ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ፕላስቲክ ነው፤ ብጥለውም አይበሰብስም። ስገዛው ግን ለምድር ተስማሚ ነው የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሎበት ነበር።»

«ሶ፣ ማን አሸነፈ?»

«እንጃ አባዬ። ከብት ማርባቱን ስቆጥር ቆዳው ይብሳል። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ስቆጥር ደግሞ ፕላስቲኩ። አንዱን ንጹሕ ነው ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።»

ከመኪናው ስትወርድ ጉንጬን ሳመችኝ። ልክ እንደ በፊቱ።

ረቡዕ፣ ማርች 25

ቦርሳውን ጨረስኩት። ሥርጉት «ቦርሳ እስክትሠራልኝ ሃያ አምስት ዓመት ስጠብቅ ነበር» ብላ ወሰደችው።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

ጽሑፏን ያቀረበችው ዛሬ ነው። ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ግማሹ አመለጠኝ። በመሃል «ማይ ፋዘር» ስትል ሰማሁ። ከዚያ የዚያችን ሴትዮ ጥያቄ በአማርኛ አለችው። እንዳለ። «ልጄ፣ ውሃው ዛሬ ምን ሆኖ ነው?» ቀጥላ ተረጎመችላቸው። አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል እኔን እያየች ነው።

አላፈረችብኝም።

ቅዳሜ፣ ጁን 20

ተመረቀች። ሥራ እስክታገኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ እየመጣች ታግዘኛለች። እኔም አዲስ ቆዳ ማዘዝ ትቻለሁ፤ ከተጣለ ሶፋና ከአሮጌ ጃኬት እየፈታሁ ነው የምሠራው። እሷ አሁንም ቆዳ አትለብስም። የጨርቅ ጫማ፣ የጨርቅ ቦርሳ። የቦርሳውን የጨርቅ ገበር ግን ትሰፋልኛለች። «ይቺ ላም እንኳ ድሮ ነው የሞተችው» እያለች ራሷን ታጽናናለች።

ዛሬ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ገባች። ካለን ሁሉ ቆንጆውን ቦርሳ አነሳች። ከአሮጌ ቆዳ መሠራቱን ስትሰማ ፊቷ በራ። «እንግዲያው ይሄ ምድርን አይጎዳም?» አለች። ዶርቃ ልትመልስ ስትል ቀደምኳት።

«ይጎዳል» አልኩ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። «ከአዲሱ ያነሰ ነው እንጂ ይጎዳል።» መጀመሪያ ሲለፋ ውሃው የት ሄዶ እንደሚሆን ነገርኳት። አዳመጠችኝ። አመሰገነች። ቦርሳውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች።

«አባዬ! ሰው አባረርክ እኮ!» ዶርቃ በሳቅ ሞተች።

እኔም ሳቅኩ። ሳልሸጥ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በርጩማዋን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። ዓይኔ መድከሙን መቼ እንዳየች እንጃ… መርፌዬን ከእጄ ወሰደች፣ ክሩን አስገባች፣ ሰጠችኝ።