ወጪው ስላልተነገረን የሥነ ምግባር ማጣሪያ

ለክቡር የፖሊስ ሠራተኞች የሥነ ምግባር ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደህንነት፣ በተለይም የጥርሶችዎንና የጣቶችዎን ሙሉ መሆን ከልብ እመኛለሁ። እነዚህን ሁለቱን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው ካነበቡልኝ ይረዱታል። እኔ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ላውንደሪ የባልደረቦችዎን ዩኒፎርም ሳጥብና ስተኩስ ዓመታት ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ፀጉር ቤት የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ነበር ብል ይሻላል መሰለኝ።

ጽሕፈት ቤትዎ ፖሊሶችን በሙሉ በሥነ ምግባር ሊያጣራ መሆኑን በሬዲዮ የሰማሁ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን የምለው እየቀለድኩ አይደለም። አሠራሩም ቀላል እንደሆነ ተነገረን። እያንዳንዱ ፖሊስ ስለ ጠባዩ የሚመሰክሩለትን ነዋሪዎች ቃል በጽሑፍ ያቀርባል። አጣሪ ቤት ለቤት እየላኩ ማስጠየቅ ወጪ ስለሚያበዛ፣ ምስክርነቱን ለምኖ የሚያመጣው ራሱ የሚጣራው ፖሊስ እንዲሆን ተወሰነ። ለሕዝብ ገንዘብ እንዲህ የሚሳሳ መሥሪያ ቤት ማግኘታችን መታደል ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ሰፈሩ «ጓንቱ» እያለ የሚጠራው ሳጅን አለ፤ ሰው ከመምታቱ በፊት ጥቁር የቆዳ ጓንት ስለሚያጠልቅ የወጣለት ስም ነው። እጁ ላይ አንዲት ጭረት የማይገኝበት ለዚሁ ነው፤ አጣሪዎችዎም ያንን ለስላሳ እጅ ሲጨብጡ ሳይደነቁ አልቀሩም። ይህ ሳጅን ምስክር ፍለጋ የመጣው ወንድሜ ዘንድ ነበር፤ ወንድሜ በሰፈሩ ቃሉ የሚታመን ሰው ስለሆነ ምርጫው አልተሳሳተም። ወንድሜ የደንበኛውን ጢም እየላጨ፣ «ሳጅን፣ እኔን ይለፉኝ። ያየሁትን ብጽፍ አይጠቅምዎትም፤ ያላየሁትን ልጻፍ ብል ደግሞ እጄ እሺ አይለኝም» አለው።

ሳጅኑ አልተቆጣም። በሩን ዘጋ፣ ጓንቱን አጠለቀ። ወንድሜን በፀጉሩ ይዞ ፊቱን ከመታጠቢያው ጠርዝ ጋር አጋጨው፤ የፊት ጥርሶቹ እዚያው ረገፉ፣ አገጩ ተሰበረ። ወለሉ ላይ ጥሎት ደረቱ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከበት። ቀጥሎ ግራ እጁን መቀሶች ከሚቀመጡበት ከታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ መሳቢያውን በጫማው ገፋው፤ ጣቶቹ አንድ በአንድ እስኪሰበሩ ድረስ ደጋግሞ ገፋው። ቀኝ እጁን አልነካውም፤ ለጽሑፍ ያስፈልጋላ! ክቡርነትዎ፣ ይህን አርቆ አሳቢነቱን በግል ማኅደሩ እንዲያሰፍሩለት በትሕትና እጠይቃለሁ። ወንድሜም በዚያች በተረፈች እጁ፣ ሳጅኑ እየነገረው፣ «ታጋሽና ሰው አክባሪ ነው፤ በማንም ላይ እጁን ሲያነሳ አይቼ አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና እንደተሸፈነ ወንበሩ ላይ ደርቆ የቀረው ደንበኛ፣ ማንም ሳይጠይቀው እስክሪብቶውን ተቀብሎ ከሥር ፈረመ። በአንድ ጉዞ ሁለት ምስክር መገኘቱም እንደ ቁጠባ ይያዝልን።

፪ኛ፦ ሳጅኑ ጣቢያ ገብቶ ልብሱን ከቀየረ በኋላ ዩኒፎርሙን በፌስታል ይዞልኝ መጣ። «እህቴ፣ በግ ሳርድ ነክቶኝ ነው፤ ነገ ፎቶ አለብኝና አደራ አድርሺልኝ» አለኝ። አመንኩት፤ በማሽኖቼ ጩኸት ከወንድሜ ቤት የሰማሁት ነገር አልነበረም። ደም በሙቅ ውሃ ሲነካ ይብስ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ኮቱን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ፣ ጨው ነስንሼ፣ እጅጌውን በጣቶቼ ፈተግኩት። በሥራዬ አልታማም፣ አንዲት ነጥብ አላስቀረሁም። ጎረቤቴ «ወንድምሽን ገደሉት!» እያለች ስትገባ ኮቱ ገመድ ላይ ሆኖ ውሃው ይንጠባጠብ ነበር። የእናቴን ልጅ ደም በገዛ እጄ አጥቤ ወደ ቱቦ ሰድጄዋለሁ።

በማግስቱ ለኮቱ ሲመጣ የጋለ ካውያ በእጄ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ፊቱ ላይ ልጭነው ከጅዬ ነበር፤ ቆዳው ሲያር የሚወጣውን ሽታ ሳይቀር አስቤዋለሁ። ያቆመኝም ሥነ ምግባር አይደለም፤ ወንድሜን ሆስፒታል ማን ያስታምመዋል የሚለው ሐሳብ ነው። ሱሪው ገና አልደረሰም ብዬ ኮቱን ብቻ ሰጠሁት። «ግድ የለም፣ ፎቶው ከወገብ በላይ ነው» ብሎኝ ሄደ። ያ ፎቶ ዛሬ ጣቢያው በር ላይ ተሰቅሏል፤ ክቡርነትዎ «በከፍተኛ ውጤት አልፏል» የሚለውን የምስክር ወረቀትና አዲሱን ማዕረግ ሲሰጡት፣ እጅዎ እኔ ያጠብኩት እጅጌ ላይ አርፏል። አምሮብዎታል።

፫ኛ፦ ወንድሜ አገጩ በሽቦ እንደታሰረ እርስዎ ዘንድ አቤት ቢል፣ መሥሪያ ቤትዎ በገዛ እጁ የጻፈውን ምስክርነት አውጥቶ አሳየው። በማንም ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም ያልከውን ሰው ደበደበኝ ካልክ ሐሰተኛ ነህ ተባለና ተከሰሰ። በመጪው ሳምንት ችሎት ይቀርባል፤ ያ ምስክርነት ካልተነሣለት ወህኒ ይወርዳል። ቃሌን ላንሳ ብሎ ሲጠይቅ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት ጸሐፊ የምስክርነት ማንሻ የሚገባው ምስክርነቱ በመጣበት መንገድ ስለሆነ፣ በሳጅኑ በኩል እንዲልክ በጨዋ አንደበት አስረዱት። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

፬ኛ፦ ማጣሪያው ስንት እንደፈጀ ጠይቄ ምስጢር ነው ተብያለሁ። መቼም እኔ ከምስጢር ጋር አልጣላም፤ የማውቀውን ያህል ግን ልርዳዎት። የፊት ጥርሶች፣ አንድ አገጭ፣ ማበጠሪያ ይይዝ የነበረ ግራ እጅ፣ የተዘጋ ፀጉር ቤት፣ ጎልማሳ ልጇ ሾርባ በቀጭን ቱቦ ሲስብ ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞር እናት። ይህ እንግዲህ የአንድ ሳጅን ብቻ ነው። ሌሎቹ በምን በምን እንዳለፉ እኔ ከየት አውቃለሁ?

ስለሆነም ማን እንዴት እንደተጣራ፣ ማን እንደመሰከረና ማጣሪያው ምን እንዳስወጣ ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ከሁሉ በፊት ግን የወንድሜ ቃል ከችሎቱ ቀን አስቀድሞ እንዲነሣለት፣ ጊዜዎን መሻማቴን ይቅርታ እየጠየቅሁ አመለክታለሁ።

ክቡርነትዎን የሚያስነውር ነጠብጣብ በነካዎ ጊዜ ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃና ጨው አዘጋጅታ የምትጠብቅ፣ ታዛዥዎ፣
ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ልብስ አጣቢ፣ የፀጉር አስተካካዩ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሳጅኑ ከሹመቱ ጋር አዲስ ዩኒፎርም ስለተሰጠው ለሱሪው ተመልሶ አልመጣም። እኔም ውሃ አላስነካሁትም። ጉልበቱ ላይ ያለው ደም ጠቁሮ ደርቋል፤ ወገቡ ላይ የሳጅኑ መለያ ቁጥር እንደተሰፋ ነው። ይህ ደብዳቤ ከእጄ ከሚወጣበት ጠዋት ጀምሮ በሱቄ መስታወት ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጌ እሰቅለዋለሁ። ሊወስዱት የሚመጡ ባልደረቦችዎ በከንቱ እንዳይደክሙ፣ ከአንዱ ጉልበት ላይ ለደም ምርመራ የተቆረጠው ቁራጭ ለወንድሜ ከሚከራከረው ጠበቃችን ዘንድ መሆኑን ይንገሩልኝ። የቀረው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ክቡርነትዎም ብቅ ብለው ይዩት። ማየት በነፃ ነው፤ ወጪውን ወንድሜ ከፍሎታል።