ክቡ እንቁላል የሆነበት ሰኞ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ለምወድሽ ልጄ፣ ለቤታችን ቆቅ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን እንደ ወትሮው ለወግ ያህል ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ ዛሬ ማስረጃ ይዤ ነው የምጽፍልሽ።

ማክሰኞ በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። "አባዬ፣ ብቻህን መኖርህ አሳስቦናል። ቤቱን እናከራየውና ወንድሜ ጋ ግባ" አልሽኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እኔ የሰማሁት እናንተ መክራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅሽ መጀመሪያ ተንተባተብሽ፤ በመጨረሻ አወጣሽው። ለካ አባታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ የሌለ ነገር ማየት ጀምሯል! "ጃጀ" ያለው ወንድምሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ "ደከምክ" ብለሽ አለሰለስሽው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ወንድምሽ እሁድ ከሰዓት መጣ። ከመሄድሽ በፊት ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንሽልኝን አሮጌ ኮምፒውተር አይቶ ሳቀ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው መቀመጥ ያለበት።"

"እኔም አብሬው ልቀመጥ?" አልኩት።

የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ ቁጭ እንኳ ሳይል፣ ማውሱን ያዝ አድርጎ ሁለት ሦስት ቦታ ተጫነና ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ከፍቼ ለጂኦሜትሪ መልመጃዬ ክብ ስስል እንቁላል ወጣ። ፊደሉም ሁሉ ወፍሮ ወደ ጎን ተለጥጧል። ወንድምሽ ጋ ደወልኩ። "ትናንት ሳየው ደህና ነበር፤ ዓይንህ ነው አባባ" ብሎ ዘጋው። መጥቶ አላየም።

አልተከራከርኩም። ማስመሪያ አነሳሁና የክቡን ወርድ ለካሁ፤ ከዚያ ቁመቱን። ወርዱ በለጠ። ማስመሪያ አይጃጅም፣ ልጄ።

ከማክሰኞው ስልክሽ በኋላ ደግሞ በአንድ ምስክር አልፈርድም ብዬ ጎረቤታችንን፣ ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ዓይኗን እንኳ የማታጠብብ ሴት ናት። ምንም ሳልነግራት፣

"ይህ ምን ቅርጽ ነው?" አልኳት።

"ፈተና ነው እንዴ ጋሼ?"

"አዎ፣ ፈተና ነው።"

"እንቁላል ነዋ! ካልሆነም የባሌ ሆድ።"

"ክብ ብዬ ነው የሳልኩት።"

"ወይ የተማሪዎችዎ ጉድ!" ብላ ወንበሩ ላይ እስክትወድቅ ሳቀች።

ጥፋቱ የማሽኑ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ግን የማሽኑ የቱ ክፍል ነው? አስተማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ረብሻ ሲነሳ ተማሪውን በሙሉ አላስወጣም ነበር፤ አንድ በአንድ እያስነሳሁ ነበር የምጠይቀው። አሁንም እንደዚያው አደረግኩ። ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ለውጥ የለም። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት፤ እዚያም እንቁላል። ስክሪኑ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ሬዞሉሽኑን፣ የምስሉን ልኬት ማለቴ ነው፣ ላስተካክል ብዬ ብገባ፣ ለስክሪኑ የሚስማማው ቁጥር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እሁድ የነበረ ቁጥር ሰኞ የት ይሄዳል? የነካ እጅ አለ።

እንዳስተማርሽኝ አጥፍቼ ስከፍተው የሺፍት ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ምርጫው መጣ። ከላይ አዲስ ከርነል ተቀምጧል፣ ከሥሩ የድሮው አለ። ከርነል የሲስተሙ አስኳል ነው ብለሽ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ አዲስ አስኳል አላስገባሁም። እንግዲህ እሁድ እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የነበረው ማን ነው?

የድሮውን መረጥኩ። ክቡ ክብ ሆነ። እሁድ ገብቶ ሰኞ ማሽኑን ስከፍት የነቃው አዲሱ አስኳል፣ ምስሉን ከሚያወጣው አሮጌ ግራፊክስ ካርዴ ጋር የሚግባባበት ድራይቨር የለውም፤ ስላላወቀው በግምት ለጠጠው። ጃጀ የተባልኩበት ጉዳይ ይኸው ነው።

ለወንድምሽ ደወልኩለት።

"እሁድ ኮምፒውተሬ ላይ ምን ሠራህ?"

"ኧረ ምንም አባባ።"

"ምንም?"

"አፕዴት ብቻ ነው ያደረግኩት። ለአንተው ብዬ እኮ ነው!"

"ለእኔ ብለህ ስትነካ ለእኔ ንገረኝ" አልኩት።

 ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ "ቢሆንም ቤቱ ለአንድ ሰው ይሰፋል" አይለኝ መሰለሽ!

ይስፋ! የማን ቤት ፈርሶ የማን ቤት ሊበጅ ነው? እዚህ ጠዋት ፀሐይዋ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አውቃለሁ፤ መጽሐፎቼን በጨለማም ቢሆን በእጄ ዳስሼ አገኛለሁ። ምራቴ ደግ ሴት ናት፤ ግን ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር "ይተዉት፣ እኔ አነሳዋለሁ" ትለኛለች። እሷ ቤት ብገባ ከወር በኋላ እኔንም እንደ ብርጭቆው አንስታ ታስቀምጠኛለች። አልገባም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብዘጋው አሸንፌያችሁ ነበር። ግን የቀረ ነገር አለ።

ሥራዬን ላረጋግጥ ብዬ ስክሪኑን በሙሉ ካሬ ካሬ አሰመርኩት። መስመሩ ሁሉ ቀጥ አለ። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት፤ ቀጥ እንዳለ ነው። ከዚያ ቀኙን ጨፈንኩ። መሐል ላይ ያሉት መስመሮች እንደ ረጠበ ክር ተጣመሙ። ማሽኑን አጥፍቼ በዚያው በግራ ዓይኔ የመስኮቱን ብረት አየሁ። ብረቱም ተጣመመ። ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኳት፤ ብረቱ ቀጥ ያለ ነው አለችኝ። በዚህኛው አልሳቀችም።

ከስሌቱ ጋር ያልገጠመለትን ውጤት ለደበቀ ተማሪ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ወንድምሽ አያውቅም፤ ልትነግሪው ትችያለሽ። ከቤቴ የምታስወጡበትን ምክንያት በገዛ እጄ እንዳቀበልኳችሁ አላጣሁትም። ነገር ግን ዓይኑን ያመመው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል እንጂ ቤቱን አይለቅም። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ከዓይን ሐኪም ጋር ቀጠሮ አለኝ። በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ብቻዬን። "ሰው ይሸኝህ" እንዳትዪኝ። አዲስ ኮምፒውተርም እንዳትልኪ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይቅናልሽ። በሄድሽበት በር የሚከፍትልሽ አይጥፋ። የአንቺን ዓይን ደግሞ ይጠብቅልኝ፣ ልጄ።

ማክሰኞ ማታ ደውይልኝ። ሐኪሙ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሻለሁ። ቤት ነኝ። በገዛ ቤቴ።

ንቅንቅ የማይለው አባትሽ