ጸጉር በጣት ነው የሚሠራው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል? ልጆችህስ አደጉልህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጸጉር ቤቴን ከፍቼ፣ ምላሴንም ስዬ አለሁ።

በስኳሩ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ግራ ዓይኔ ደህና ነው። በኋላ ትንሽ ደም ፈሰሰበት፤ ሬቲና የሚሉት የውስጥ ሽፋኑም ከዳር መላቀቅ ጀምሯል ብለው ሌዘር አደረጉልኝ። ሐኪሙ "ቀኙም በቶሎ ሌዘር ይደረግ፤ ሥራዎንም ለጊዜው ይተዉት" አለኝ። "ቀኙን ላድርገው፤ ሥራዬን ግን አንተ አላስያዝከኝም፣ ልጄ" አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ቅዳሜ የጎረቤታችን የመካኒኩ ልጅ ለሠርጓ ጸጉሯን ልትሠራ መጣች። እናትየው በሩ ላይ ቆማ "አንቺን ከምናስቸግርሽ ሌላ ቤት ብንሄድስ?" አለች።

"ጸጉር በጣት እንጂ በዓይን አይሠራም" ብዬ ልጅቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ጠዋት የጀመርኩትን ሹሩባ ምሳ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። እናትየው መስመሩን በጣቷ ተከትላ አየችና "እጅሽ ይባረክ" ብላ ለራሷም ቀጠሮ ያዘች። ሙሽራዋ ወደ እኔ ዞራ "አምሮብኛል፣ እትዬ?" ስትለኝ፣ ፈጠን ብዬ "በጣም" አልኳት።

ባለቤትህ "መጥተን እናስታምማት" ብላለች አሉ። ማንም እንዳያስታምመኝ። መምጣታችሁ ካልቀረ ግን አትዘግዩ። ስትመጡም በቀን ድረሱ፤ መስኮቱ አጠገብ እንቀመጣለን። ጸጉርህ ሸብቷል ይሉኛል፤ እኔ የሰው ወሬ አላምንም፣ ራሴ ልየው።

ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ።

እጅ የማትሰጠው እህትህ