የእማዬ ጋቢ ይቀቀል

ውድ እኅቴ እማዋይሽ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? ባለቤትሽ ጋሽ አሥራት፣ ልጅሽ ቤቴል፣ ከብቱ፣ ደጁ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን መዋሸት አልቻልኩም።

በጎረቤታችን በወንዲ እጅ የመለስኩትን ጋቢ እማዬ ለብሳው እንደሆነ አሁኑኑ አውልቂላት። በፈላ ውሃ ቀቅለሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ስልኬ ተሰርቋል፤ ቁጥርሽን በቃሌ አላውቀውም። ባውቀውስ በየትኛው ድምፄ እነግርሽ ነበር?

ጋቢውን ስመልስ ከተማው ሞቃት ነው፣ ብርድ ልብስም ገዝቻለሁ ብዬ ነበር። ሞቃት! የሰበታ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ቡራዩ እሠራበት የነበረው ብየዳ ቤት ከተዘጋ ወዲህ የቤት ኪራይ አቅቶኝ እዚህ ሰበታ መጥቼ የሱቅ በረንዳ ላይ ነው የማድረው። እማዬ የፈተለችው ጋቢ እዚያ ሲጎሳቆል ማየት አሳፈረኝና ወንዝ ወርጄ በሳሙና ለቅለቅ አድርጌ ሰደድሁት። እናቴን ያከበርኩ መስሎኝ።

ከዚያ በፊት ግን ጋቢውን ከኦዳ ጋር ነበር የምንለብሰው። ኦዳ ከተጂ ከተማ የመጣ ልጅ ነው፣ ጎኔ የሚተኛ፤ ኦቦ ውብአየሁ፣ ባለ ጋቢው ጌታዬ እያለ ይቀልድብኛል። ወንዲ በሄደ በሳምንቱ ኦዳ በትኩሳት ነደደ፤ ተሻለው ስንል አገረሸበት። ሌሎችም ተከታትለው ወደቁ። ሲስተር ፀደንያ የምትባል ነርስ ከጤና ጣቢያ መጥታ ግርሻ ነው፣ በልብስ ቅማል ነው የሚዛመተው አለችን። መድኃኒት ሰጡን፣ ጸጉራችንን ላጩን፣ ልብሳችንን በበርሜል ቀቀሉት። ቀዝቃዛ ውሃ ቅማል አይገድልም፣ ሌላ ቦታ ያስቀመጣችሁት ልብስ ካለ ንገሩን ስትል ሰው ሁሉ ያለውን ሲያወጣ እኔ የለኝም አልኩ። ኦዳ ዐየኝ፤ ግን አላጋለጠኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከዚያ በኋላ ጋቢውን ከሐሳቤ ማውጣት አቃተኝ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ለሲስተር እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ይህን ፈጥነህ ለእናትህ ቤት ንገር ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ደብዳቤውን ነገ ወደ እናንተ በሚነሳው አውቶቡስ በረዳቱ እጅ እልከዋለሁ።

ከእናንተ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ከየት መጣ ቢሉሽ እንዳትሸፍኚልኝ፤ ወንድሜ በረንዳ አዳሪ ነው፣ ከእሱ ነው በያቸው። ጎረቤት ቢሰማ ይስማ። እማዬ ግን ልጄ ከተማ ገብቶ ሰው ሆነ ስትል ኖራለችና ከሰው ሳይሆን ከአንቺ አፍ ትስማው።

ጋሽ አሥራትን በጣም ሰላም በይልኝ። ቤቴልን ግንባሯን ሳሚልኝ። ወንዲ ምን እንዳሸከምኩት አያውቅምና ይቅር እንዲለኝ፣ ልብሱንም እንዲቀቅል ንገሪው። የእማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ቀና ብዬ የማያት ዓይን የለኝም። መልስ ስትልኪ በቡራዩው አድራሻ አትላኪው።

ወንድምሽ ውብአየሁ
ሰበታ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከሱቅ በረንዳ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.